ከቀብድ በፊት

ወልድያ ውስጥ ቤት ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለደላላ ነው። ደላላው ከጎንደር በር ወደ መቻሬ ያዞረዋል፤ የግቢውን ስፋት በእርምጃ ለክቶ ያሳየዋል፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች በወር ስንት እንደሚከራዩ ይነግረዋል፤ በመጨረሻም «አንድ ከሳዑዲ የመጣ ሰው ነገ ሊጨርሰው ነው» ብሎ ልቡን ያንጠለጥለዋል። በሦስተኛው ቀን ቀብድ ይከፈላል። ሰፈሩም ሰምቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። ባንክ የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በብድር የሚገዛ ሰው የቤቱን ዋጋ የሚወስነው እሱ አይደለም፤ ሻጩም ብቻውን አይወስነውም። ከባንኩ ጠረጴዛ ወዲያ ያለው የብድር ባለሙያ፣ ቤቱን ሜትር ይዞ የሚለካው መሐንዲስና የማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ተባብረው ይወስኑታል። እነዚህ ሦስቱ ቃላቸውን ሳይሰጡ የሚከፈል ቀብድ ቁርጡ ያልታወቀ ገንዘብ ነው።

እስቲ አንድ መምህርና ነርስ ባለቤቱን እናስብ። ሁለቱም በመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። በ2,400,000 ብር ቤት ተስማምተው 150,000 ብር ቀብድ ሰጡ፤ ቀሪውን በሁለት ወር ለመክፈል ፈረሙ። ከዚያ ወደ ባንክ ሄዱ። መሐንዲሱ መጥቶ ለካ። ፕላኑ ላይ ያለው ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ግን አራት ክፍልና ማድ ቤት ነው። ፕላን የሌለውን ትቶ ፕላኑ የፈቀደውን ብቻ ገምቶ 1,500,000 ብር አለ። ባንኩ ከግምቱ 70 በመቶ የሚያበድር ከሆነ 1,050,000 ብር ማለት ነው። ይህም ቢሆን ገና ነው፤ ደመወዛቸው አልታየም።

ሲሶው ስንት ቤት ይገዛል?

የወሎ ገበሬ ሲሶን ያውቃታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ከምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ የሚሰጥ አራሽ ብዙ ነበር። ዛሬ ሲሶ በደመወዝ ወረቀት ላይ ተመልሳ መጥታለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አበዳሪዎችም ወርሃዊ ክፍያን ሲያሰሉ ብዙ ጊዜ ከዚህችው መለኪያ አይርቁም።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች እርከን የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ነው። የባልና ሚስቱ ድምር 23,000፣ ሲሶው 7,667 ብር ይሆናል። ለስሌት እንዲመች ወለዱን 16 በመቶ፣ ዘመኑን 15 ዓመት እንበል፤ በዚህ ወርሃዊ ክፍያ የሚገኘው ብድር ወደ 522,000 ብር ነው። ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በእጅ በሚገባው ደመወዝ ከተሰላ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

እንግዲህ ሦስት በር አለ፤ የሻጩ ዋጋ 2,400,000፣ ከግምቱ የሚፈቀደው 1,050,000፣ ደመወዙ የሚችለው 522,000። የሚያልፈው በጠባቡ በር የገባው ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ 1,878,000 ብር ከኪሳቸው ማምጣት አለባቸው። ያ ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ መጀመሪያም ባንክ አይሄዱም ነበር።

ይህን ስሌት ለደላላው ከመደወላቸው በፊት ቢያውቁት ኖሮ የሚፈልጉት ነገር ራሱ ይለወጥ ነበር። 522,000 ብር በመቻሬ ያለቀ ቤት አይገዛ ይሆናል፤ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ለደረሰው ሰው ግን መሠረት ወጥቶ የቆመን ግንባታ ጣሪያ ሊያለብስ ይችላል። ወይም መርሳ ላይ አነስ ያለ ቤት ያስፈልግ ይሆናል፤ ወይም ሁለት ዓመት መቆጠብ። ቤቱ ነው ብድሩን ተከትሎ መፈለግ ያለበት።

ቀብዱስ የት ሄደ?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕጉ ሚዛናዊ ይመስላል። ሻጩ ውሉን ማፍረስ አለማፍረሱ በፈቃዱ ነው፤ በብድር የሚገዛው ግን ፈቃዱ በባንክ እጅ ነው። ባንኩ «አይሆንም» ሲል ገዢው ውል አፍራሽ ሆኖ ይገኛል። የእነዚያ ባልና ሚስት 150,000 ብር የሁለቱ ሙሉ ደመወዝ ተደምሮ የስድስት ወር ተኩል ገቢ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት የሚደፍን ልማድ አለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ሲፈልጉ አሻሻጩ በር ከመክፈቱ በፊት የባንክ ቅድመ ይሁንታ ደብዳቤ ይጠይቃቸዋል። ባንኩ ገቢያቸውን፣ ዕዳቸውንና የብድር ታሪካቸውን አይቶ «እስከዚህ ድረስ ላበድራችሁ እችላለሁ» ብሎ የሚሰጣቸው ወረቀት ነው፤ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ቀን ነው። ማመልከቻ ሲገባ ደግሞ አበዳሪው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ባለ ሦስት ገጽ መደበኛ ቅጽ ላይ ወለዱን፣ ወርሃዊ ክፍያውንና ወጪውን ዘርዝሮ እንዲሰጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ አለበት። ቅጹ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለት ባንክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ቀላል ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ልማድ ገና አልሰፋም። የቤት ብድር ራሱ ለረጅም ጊዜ በአንድ በር ብቻ የሚገባበት ነገር ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው የግል ባንክ፣ ጎህ ቤቶች ባንክ፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር አማራ ባንክ በሩን ከፈተ፤ አብቁተ እየተባለ ገበሬው የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ፀደይ ባንክ ሆነ። ዛሬ የወልድያ ሰው ከአንድ በላይ በር ማንኳኳት ይችላል፤ ማንኳኳቱን ግን ገና አልለመደም።

ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነበው ማን ነው?

ቀድሞ ባንክ መሄድ ሌላ ጥቅምም አለው። ባንክ የራሱን ገንዘብ ስለሚጠብቅ ሻጩ ያልነገረንን ሁሉ ይጠይቃል። ካርታው በማን ስም ነው? ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማዘጋጃ ቤቱ ጽፏል ወይ? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱ ፈርማለች ወይ? በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ተጋቢ ብቻውን ሊሸጥም በመያዣ ሊሰጥም አይችልም። ወረቀቱ ላይ የሌለች ሚስት ከዓረብ አገር ተመልሳ ስትመጣ የሚፈርስ ሽያጭ ብዙ ሰው ያስለቅሳል።

ሊዝ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው፤ ባለ ይዞታው ቢያንስ 10 በመቶውን ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል። ስለዚህ ቤቱን የሚገዛ ሰው ያልተከፈለውንም ሊዝ አብሮ ይገዛል። «ዋጋው ይህ ነው» ሲባል «ሊዙስ ስንት ቀረው?» ብሎ መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።

የሀብሩ ወረዳ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳርና ዳር ያደገች ከተማ ናት፤ ውርጌሳም እንዲሁ። አስፋልቱን ለቆ ትንሽ ገባ ሲባል የከተማው ፕላን ያልቅና የገበሬው ማሳ ይጀምራል። የማንጎና የፓፓያ ተክል መሐል አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ቦታው የተገዛው በሦስት ምስክርና በአንድ ወረቀት ውል ነው፤ ዋጋውም ከከተማው ይረክሳል። ሆኖም የገጠር መሬት አይሸጥም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም በመያዣነት ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህ ግን ለእሱ የተሰጠ መብት እንጂ በጓሮ ውል ከእሱ ለገዛ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ካርታ የሌለው ቤት ለባንክ መያዣ አይሆንም። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ ቤት መያዣ መሆን ስለማይችል ነገ የሚገዛው ሰውም ጥሬ ገንዘብ ያለው ብቻ ይሆናል፤ ርካሽነቱ ከዚያ ይመነጫል።

አንድ ነገር በሹክሹክታ የሚደረግ አለ። ገዢና ሻጭ ተስማምተው የመንግሥት ክፍያ ለመሸሽ በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰው ይጽፋሉ። ባንክ ግን የሚያምነው የተጻፈውን ነው። ሁለት ሚሊዮን ከፍሎ አንድ ሚሊዮን የጻፈ ሰው ብድሩ በአንዱ ሚሊዮን ላይ ቢሰላበት ማንን ይከሳል? የነጋዴውም ነገር ከዚህ አይለይም። መርሳ ላይ ሽንኩርትና ፍራፍሬ በአይሱዙ የሚጭን ሰው ገንዘብ አያጣም፤ የሒሳብ መዝገብ ግን የለውም። ለገቢዎች ያሳነሰውን ገቢ ለባንክ ሊያበዛው አይችልም።

ከጅዳና ከሪያድ የሚላከውም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ከሀብሩና ከአካባቢው የሄዱ ሴቶች በሰው ቤት ሠርተው የሚልኩት ብር የስንቱን ቤት አቁሟል። ግን በጥቁር ገበያ ሐዋላ የመጣ ብር በባንክ መዝገብ ላይ የለም። ልጅቱ አሥር ዓመት ልካለች፤ ባንኩ ዘንድ ግን አንድም ቀን እንደ ላከች አይታወቅም። በስሟ ሒሳብ ከፍታ በባንክ ብትልክ የምንዛሪው ልዩነት ጥቂት ይቀንስባት ይሆናል፤ ያ ቅናሽ የብድር ታሪኳን የምትገዛበት ዋጋ ነው። በርካታ ባንኮች ለዲያስፖራ የቤት ብድር አላቸው፤ መጀመሪያ የሚያዩትም ይህንኑ የሒሳብ እንቅስቃሴ ነው።

ሁለት ባንክ፣ አንድ ወረቀት

ማወዳደር ሲባል ብዙ ሰው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ይመለሳል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮን ብርን በ15 ዓመት እንመልከት። በ16 በመቶ ወርሃዊው 14,687 ብር ነው፤ በ18 በመቶ 16,104። ልዩነቱ በወር 1,417 ብር ብቻ ይመስላል፤ በ180 ወር ሲባዛ ግን ከ255,000 ብር ይበልጣል። አንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ባንክ መመላለስ ይህን ያህል ያወጣል።

ዘመኑን ማርዘምም እንደዚሁ ያታልላል። ያንኑ ብድር በ16 በመቶ ከ15 ወደ 20 ዓመት ብንዘረጋው ወርሃዊው ወደ 13,913 ብር ይወርዳል። በወር 774 ብር ቀለለን ብለን 695,000 ብር ያህል ጨምረን እንከፍላለን።

ሦስተኛው ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ነው። ባንኮች ብዙውን ጊዜ የሚያሰሉት እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው። አንዳንድ አበዳሪ ግን ከመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ እስከ መጨረሻ ያሰላል። በዚህ ዓይነቱ ስሌት 16 በመቶ ማለት በ15 ዓመት 2,400,000 ብር ወለድ ነው፤ አጠቃላይ ክፍያው 3,400,000 ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ስሌት ግን 2,644,000 አካባቢ ነበር። ቁጥሩ ያው 16 ነው፤ ገንዘቡ ግን አይገናኝም።

አራተኛው ውሉ ነው። ባንኩ ወለዱን በመሐል ሊጨምር ይችላል የሚል አንቀጽ አለ ወይ? ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት አለው ወይ? የግምት፣ የአገልግሎት፣ የሕይወትና የእሳት ኢንሹራንስ ወጪ ማን ላይ ነው? ለግንባታ ከሆነ ገንዘቡ በስንት ጊዜ ይለቀቃል፤ መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲመታ? የወልድያ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ በቆየችባቸው ወራት ባንክ አልነበረም። ቅርንጫፉ ቢዘጋ ወለዱ ይቆጥራል ወይስ ይቆማል? መልሱን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ፈልጎ ማንበብ ነው። ክፍያ ከተቋረጠ በአዋጅ 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላልና።

አምስተኛው የእምነት ጉዳይ ነው። ወሎ ውስጥ ወለድ የማይነካ ቤተሰብ ብዙ ነው። ወለድ አልባ አገልግሎት በሁሉም ትልልቅ ባንኮች ገብቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ለዚህ የቆመ ነው። በሙራባሃ ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል። ዋጋው በመሐል አለመለዋወጡ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም «ወለድ የለውም» ማለት «ወጪ የለውም» ማለት አይደለም፤ እስከ መጨረሻው የሚከፈለውን ድምር ጠይቆ ከሌላው ጋር ማስተያየት ሃይማኖትን አይነካም።

ከባንክ ውጪ ያሉትም አበዳሪዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር ለቅድመ ክፍያው ሊደግፍ ይችላል። እቁብ ወለድ የለውም፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም፤ ቅሬም ለቀብር እንጂ ለቤት አልቆመም። አራጣ ከሁሉ ይፈጥናል፤ ከሁሉም ይበላል። ባንክ ላልሆነ አበዳሪ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ አራጣ አበዳሪ ይህን በወር ሊጠይቅ ይችላል።

የ«እሺ» ዕድሜ

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ባንኩ ራሱ ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ቀድሜ ብሄድ ምን ይጠቅመኛል?» እውነት አለው። ብሔራዊ ባንክ ዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ ኋላ ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ አደረገው። ገደብ ባለበት ባንክ ከ15 ዓመት የቤት ብድር ይልቅ በስድስት ወር የሚመለሰውን የንግድ ብድር ቢመርጥ አይገርምም። የመርሳ ቅርንጫፍ ፋይሉን ቢቀበልም ውሳኔው ከዲስትሪክት ወይም ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚመጣው።

ግን ይህ ቀድሞ ለመሄድ ምክንያት ነው እንጂ ላለመሄድ አይደለም። የባንክ በር ሰፊ ቢሆን ኖሮ ዘግይቶም መግባት ይቻል ነበር። በሩ ጠባብና ወረፋው ረጅም ሲሆን ቀብድ ከፍሎ ሰዓት እየቆጠሩ መቆም ነው አደጋው። «አሁን ብድር ትሰጣላችሁ ወይ? እንደኔ ላለ ሰው እስከ ስንት? ፋይሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ቤት ሳይመረጥም ይጠየቃሉ። የደመወዝ ማስረጃ፣ የስድስት ወር የሒሳብ እንቅስቃሴ፣ መታወቂያና የጋብቻ ማስረጃ ይዞ የሄደ ሰው ቢያንስ ግምታዊ መልስ ይዞ ይወጣል። ብሔራዊ ባንክ ባለው የብድር መረጃ ማዕከል የሚታይ ያደረ ዕዳ ካለም ያኔ ይታወቃል፤ ለጓደኛ የተገባ ዋስትና እዚያ ተመዝግቦ የተገኘበት ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጥ ካለ ግን ቀብድ ሳይከፈል ይሻላል።

ደላላው መደወሉን አያቆምም፤ ሥራው ነው። ቤቱ በእርግጥ የሚያሳሳ ከሆነና ሻጩም «ቀብድ ካልሰጣችሁ ለሌላ እሸጣለሁ» ካለ፣ አንቀጽ 1885 ራሱ መውጫ ትቷል፤ ተዋዋዮች ሌላ ነገር መስማማት ይችላሉ። ቀብዱን ትንሽ አድርጎ በውሉ መጨረሻ «ባንክ ብድሩን ሳይፈቅድ ከቀረ ቀብዱ ለገዢ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ማስጻፍ ይቻላል። በዚህ መስመር የሚስማማ ሻጭ በቤቱ ወረቀት ይተማመናል። አልስማማም ያለውን ግን «ባንኩ ምን ያገኛል ብለህ ፈርተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመምህሩና የነርሷ ውል ላይ ያልተጻፈችው ያቺ አንዲት መስመር ነበረች።